ዲስክና ታምቡር በአንድ ፔዳል

ስለ ፍሬን ለመጻፍ ብዕር ሳነሣ አንዳንድ ወዳጆቼ ሳቁብኝ። «አንተ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪ ነህ፤ ስለ ቅኔና ስለ ታሪክ ጻፍ፤ ፍሬኑን ለኢንጂነሪንግ ልጆች ተውላቸው» አሉኝ። ምክራቸው መልካም ነበር። ነገር ግን በእኔና በአንድ አሮጌ የጭነት መኪና ፍሬን መካከል ያልተዘጋ ሒሳብ አለ፤ ሒሳቡም የተከፈተው በብሎን ሳይሆን በቃል ምክንያት ስለ ሆነ፥ ከአርትስ ፋኩልቲ በቀር የሚመለከተው ክፍል ያለ አይመስለኝም። እንግዲህ አንባቢ እስከ መጨረሻው ይታገሠኝ።

ያሳደገኝ አጎቴ ሹፌር ነው። የሚነዳውም መኪና የራሱ ነው፤ እሱ ግን «መኪናው የኔ አይደለም፤ እኔ ነኝ የመኪናው» ይላል። መኪናው በዕድሜ ይበልጠኛል። ደብተሬም፥ ጫማዬም፥ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ይዤው የመጣሁት ብርድ ልብስ ሳይቀር የተገዛው ከዚያ መኪና ጀርባ በወረደ ሲሚንቶና ሽንኩርት ነው። ስለዚህ በቤታችን ሞተሩ ሲያስል፥ አንድ የቤት ሰው እንደ ታመመ ያህል እራት አይበላም ነበር።

መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ አራቱም እግሩ በታምቡር ፍሬን የሚያዝ ነበር። ታምቡር ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው፤ ትርጉሙም ከበሮ ነው። ሞላ፥ ጎሚኒ፥ ካምቢዮ የሚሉትን ቃላት ያወረሱን ሰዎች እሱንም ትተውልን ሄደዋል። እነ ትሬንታ ኳትሮ፥ ከነሱም በኋላ ከ1952 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራው የፊያት 682 ዘር፥ ከዚያም ውስጥ ኤንትሬ የምንለው፥ የሀገራችንን ዳገትና ቁልቁለት የለመዱት በታምቡር ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር የብረት ከበሮ አለ፤ በከበሮው ሆድ ውስጥ ሸራ የለበሱ ሁለት ቀስት መሳይ ብረቶች ተቀምጠዋል። ፔዳል ሲረገጥ የፍሬን ዘይት ብረቶቹን ወደ ውጭ ይገፋቸውና ሸራው ከከበሮው ግድግዳ ጋር ይፋጫል። ታምቡር አንድ ደግ ጠባይ አለው፤ ሲዞር የፊተኛውን ሸራ ራሱ ጎትቶ ያጣብቀዋል፤ ስለዚህ የሹፌሩ እግር ጥቂት ቢሰጠው እሱ ጨምሮ ይመልሳል። ክፉ ጠባዩ ደግሞ ሙቀት አለመቻሉ ነው። ከበሮው ሲግል ይሰፋል፤ ሲሰፋ ከሸራው ይሸሻል፤ ሸራውም ሲቃጠል መያዙን ይተዋል። ውሃ ከገባበትም ቶሎ አይወጣለትም።

ዲስክ ግን ግልጥ ነው። ከጎማው ጋር የሚዞር ሳሕን የመሰለ ብረት አለ፤ እሱንም እንደ መንጋጋ ያለ ነገር ከሁለት ወገን ይነክሰዋል። ነፋስ ስለሚያገኘው ቶሎ ይበርዳል፤ ውሃውንም እየዞረ ይረጨዋል፤ ሲግልም ወደሚነክሰው ይወፍራል እንጂ አይሸሽም። እንደ ታምቡር ግን የሹፌሩን ኀይል አያባዛም፤ የተሰጠውን ያህል ብቻ ስለሚሠራ ከፍ ያለ የዘይት ግፊት ይፈልጋል።

ሁለቱም የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው። እንግሊዛዊው ላንቸስተር የዲስክ ፍሬን መብት ያስመዘገበው፥ ፈረንሳዊው ሉዊ ሬኖም ታምቡርን የሠራው በ1902 እ.ኤ.አ. ነው። ነገር ግን ታምቡር ወዲያው ዓለምን ሲይዝ ዲስክ ብዙ ዘመን ቆይቶ፥ በ1953 እ.ኤ.አ. በሌ ማን በተደረገው የ24 ሰዓት እሽቅድምድም የጃጓር መኪናዎች በዲስክ ሲያሸንፉ ስሙ ገነነ። በ1955 እ.ኤ.አ. የወጣው ሲትሮየን ዲኤስ ደግሞ ፊቱን በዲስክ፥ ኋላውን በታምቡር አድርጎ ለገበያ ቀረበ። ይኸን የምጠቅሰው ለጌጥ አይደለም፤ ሁለቱን በአንድ መኪና ማጋባት ነውር አለመሆኑን፥ እንዲያውም ትላልቅ ፋብሪካዎች በብዙ ሺሕ መኪና ላይ ያደረጉት መሆኑን ለማሳየት ነው። ምክንያቱም ግልጥ ነው፤ መኪና ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ይጫናል፤ ስለዚህ ፊቱ ብዙ ይሠራል፥ ብዙም ይግላል። ሙቀት የሚችለው ዲስክ ወደ ፊት፥ ታምቡሩ ወደ ኋላ ቢሆን የሥራ ክፍፍሉ ደኅና ነው።

ወደ አጎቴ ልመለስ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት በኀይለኛ ዝናብ ሲነዳ የፊት አንዱ ታምቡር ውሃ ጠጥቶ ስለ ነበር፥ ፍሬን ሲይዝ መኪናው ወደ አንድ ወገን ጎትቶት ከከብት መንጋ ውስጥ ሊገባ ለጥቂት ተረፈ። በማግስቱ «ሁለተኛ እንዲህ አልደነግጥም» ብሎ ማለ። ዓመቱንም ገንዘብ ሲያጠራቅም ቆይቶ በ2014 ዓ.ም. ክረምት፥ የዚያው ፋብሪካ ሥራ ከሆነ፥ ነገር ግን ዕድሜው አነስ ካለ፥ ተገልብጦ ከተጎዳ መኪና የተፈታ ባለ ዲስክ የፊት አክስል ገዛ።

የምንሠራበት ጋራዥ ሊቅ አንድ አዛውንት ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ብረትን በጆሮ ያውቃሉ፤ ሞተር ሲዞር ዐይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡና ሕመሙን ይናገራሉ። አማርኛ አንባቢ ናቸው፤ እንግሊዝኛ ግን አያነቡም። አክስሉን አገላብጠው ካዩ በኋላ አጎቴን «ዲስኩ ጥሩ ነው፤ የኋላው ታምቡርም ጥሩ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ጋብቻው ነው። በአንድ ፔዳል ሁለት ጠባይ ማዘዝህ ነው» አሉት። ከአክስሉ ጋር ዘይት የጠጣ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አብሮ መጥቶ ነበርና ወደ እኔ ዞረው «በል አንተ ልጅ፥ የተማርኸው ለዚህ ቀን ነው» አሉኝ።

እኔ በዚያን ጊዜ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርቴን ጨርሼ ለዕረፍት የመጣሁ ነበርሁ። የጋራዡ ልጆች «ዶክተር» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር፤ እኔም ቀልዱን ያልወደድሁት መስዬ እወደው ነበር። ሦስት ማታ በአምፖል ብርሃን ሥር ተቀምጬ እያነበብሁ በአማርኛ አስረዳሁ። ብዙውን ደኅና አድርጌ ተረጎምሁ። የኋላው ታምቡር ግፊቱ ካልተቀነሰለት፥ በተለይ መኪናው ባዶ ሲሆን፥ ከፊቱ ቀድሞ እንደሚቆልፍና ጅራቱን እንደሚያንሸራትት አነበብሁ፤ ጋሼም ግፊት የሚመጥነውን ቫልቭ ገጠሙ። ዲስኩን የሚያስነክሱት ፒስተኖች ወፋፍራም ስለ ሆኑ ብዙ ዘይት እንደሚጠጡ አነበብሁ፤ እሳቸውም የዘይቱን ማጠራቀሚያ በትልቅ ለወጡ።

በሦስተኛው ማታ ከአንድ አንቀጽ ደረስሁ። አንቀጹ ስለ ሬዚጁዋል ፕሬሸር ቫልቭ ይናገራል። ቃላቱን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፤ «ቀሪ ግፊት» ብዬ ልተረጉማቸውም እችል ነበር። ነገሩ ግን ምን እንደ ሆነ አላውቅም። ግፊት ከየት ይቀራል? ለምንስ ይቀራል? ሁለት ጊዜ ደጋግሜ በልቤ አነበብሁት። ልጆቹ ዙሪያዬን ከበው ይጠብቃሉ፤ አጎቴ ክንዱን አጣምሮ በኩራት ያየኛል። «ምን ይላል?» አሉ ጋሼ። እኔም «ይህ ስለ ሌላ ዐይነት መኪና ነው፤ እኛን አይመለከትም» ብዬ ገጹን ገለበጥሁ።

ይኸው ነው። ገጽ የገለበጥሁበት ጊዜ ከአንድ እስትንፋስ አይበልጥም።

መኪናው ተሠርቶ ሲወጣ በከተማው ውስጥ ሞከርነው። ፔዳሉ ገና ሲነካ እንደ ተቸነከረ ቀጥ ይላል። አጎቴ ሳቀ፤ ልጆቹም አጨበጨቡ። በሳምንቱ 40 ኩንታል ሲሚንቶ ተጭኖ ወደ ደብረ ማርቆስ ጉዞ ተጀመረ። እኔም ሥራዬን ለማየት አብሬ ተሳፈርሁ። ከአጎቴና ከእኔ ሌላ ረዳቱ ነበር፤ በዕድሜ እኩያዬ ነው፤ ከስምንተኛ ክፍል ትምህርቱን አቋርጦ ወደ መኪና የመጣ ልጅ።

ገብረ ጉራቻ ላይ ሻይ ልንጠጣ ቆምን። ረዳቱ እንደ ልማዱ ጎማዎቹን እየመታ ሲዞር ከፊተኛው ጎማ አጠገብ እጁን ወደ ኋላ መለሰና «ጋሼ፥ ይኼ ነገር እንደ ምጣድ ግሏል» ሲል አጎቴን ጠራው። አጎቴም ቀርቦ አየና «አዲስ ስለ ሆነ ነው፤ እስኪላመድ ነው» አለ። እኔ ዝም አልሁ። የማውቀው ነገር ስለ ነበረኝ አልነበረም ዝም ያልሁት፤ የማላውቀው ነገር እንዳለ ግን አውቅ ነበር።

ከጎሐ ጽዮን እስከ አባይ ድልድይ ያለውን ቁልቁለት ያላየ የሀገራችን ተማሪ ጥቂት ነው። መንገዱ 20 ኪሎ ሜትር በሚያህል ርቀት ውስጥ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። በኋላ ከኢንጂነሪንግ ወዳጄ ጋር ሒሳቡን ሠርተነዋል። ጭነቱን ጨምሮ 7 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኀይል 69 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው፤ ይህም 200 ሊትር የሚይዝ አንድ በርሜል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ይህ ሁሉ ሙቀት የግድ አንድ ቦታ መሄድ አለበት። ብልህ ሹፌር በከባድ ማርሽ ይዞ እየወረደ አብዛኛውን ለሞተሩ ያሸክመዋል፤ የቀረውን ፍሬኑ ይችላል። አጎቴም ብልህ ሹፌር ነው፤ ከአፋፉ ጀምሮ በሁለተኛ ማርሽ ነበር የያዘው።

ገደሉ አጋማሽ ላይ የተቃጠለ ነገር ሸተተን። አጎቴ ፔዳሉን ረገጠ፤ ፔዳሉም ከወትሮው ይልቅ ወደ ታች ሄደ። እንደ ገና ረገጠ፤ ሰፍነግ እንደ መርገጥ ሆነበት። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። የፊቱ መስመር ሲከዳ መኪናውን የያዘው የኋላው ታምቡር ብቻ ነበር፤ እሱም የራሱን ድርሻ እንጂ የሁለቱን እንዲሸከም አልተሠራም። ጥቂት ያዘ፤ ከዚያ እየጋለ ሄደና ታምቡር ሲግል የሚያደርገውን አደረገ። ሞተሩ ይጮኻል፥ መኪናው ግን እየፈጠነ ይሄዳል። አጎቴ ምንም አልተናገረም። የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ መሪውን ወደ ተራራው ወገን አዞረና የመኪናውን ጎን ከተቆለለ የናዳ አፈር ጋር አፋተገው። መኪናው ገና ሳይቆም ረዳቱ ታኮውን ይዞ ዘለለ። ከጎማው ሥር ሲወረውረው እግሩ ከድንጋዩ ላይ ከዳውና ክንዱን ሥር አድርጎ ወደቀ። መኪናው ታኮው ላይ ወጥቶ ተንገዳገደና ቆመ።

የረዳቱ ክንድ ከክርኑ በታች ተሰብሮ ነበር። በመንገድ ያገኘነው መኪና ወደ ሐኪም ወሰደው። አጎቴ ከመኪናው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ይመለከት ነበር። እኔ ደግሞ ከሥር፥ ከሩቅ የሚታየውን፥ በ2008 እ.ኤ.አ. የተከፈተውን አዲሱን ድልድይና አጠገቡ ያለውን አሮጌውን ድልድይ እያየሁ፥ ስለዚያች የገለበጥኋት ገጽ አስብ ነበር።

ጋሼ በማግስቱ በሰው መኪና ተሳፍረው መጡ። መኪናው ቀዝቅዞ አድሯል፤ ፔዳሉን ሲረግጡት ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ጠንክሮ ጠበቃቸው። የማያውቅ ሰው ቢሆን «ዳነ» ብሎ ይነዳው ነበር። እሳቸው ግን ከሥር ገብተው ከፊተኛው ጎማ የአየር ማስወጫዋን ብሎን ፈታ አደረጉ። ማንም ፔዳል ሳይረግጥ ዘይቱ ፊጭ ብሎ ወጣ። ጋሼ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት። ከዚያ ጀርባቸው ላይ እንደ ተኙ ነገሩን ከብረቱ አነበቡት።

የፍሬኑ ፖምፓ የተሠራው ለታምቡር ነው። በታምቡር ውስጥ ሸራዎቹን ወደ ቦታቸው የሚመልስ ጠንካራ ሞላ አለ፤ ስለዚህ ፔዳል ከተለቀቀ በኋላ በቧንቧው ውስጥ ትንሽ ግፊት፥ በካሬ ኢንች 10 ፓውንድ ያህል፥ ቢቀር አይጎዳም። እንዲያውም የትንንሾቹን ሲሊንደሮች ጎሚኒ ከግድግዳው ጋር አጣብቆ አየር እንዳይገባ ስለሚረዳ፥ ፋብሪካው ያን ግፊት የምታስቀር ትንሽ ቫልቭ ሆን ብሎ በፖምፓው አፍ ላይ ያደርጋል። ዲስክ ግን ሞላ የለውም። ፒስተኑን የሚመልሰው የጎሚኒው መለጠጥ ብቻ ነው፤ የሚመልሰውም በፀጉር ውፍረት ነው። ስለዚህ ያች ለታምቡሩ መልካም የነበረች ትንሽ ግፊት ዲስኩን ሌትና ቀን አላስለቅቅ አለችው። ከአዲስ አበባ ጀምሮ የፊቱ ፍሬን ሳይረገጥ ተረግጦ፥ ብረቱ እየጋለ፥ ቁልቁለቱ ላይ ሲደርስ ዘይቱ ፈላ። ዘይት ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ስትጫነው ይጨመቃል እንጂ አይገፋም። ሰፍነግ የሆነብን እሱ ነበር። የሚያስፈልገውም ነገር ያችን ቫልቭ ከፊቱ መስመር ማውጣት፥ ለኋላው ግን መተው ብቻ ነበር፤ የአንድ ሰዓት ሥራ።

ጋሼ ከመኪናው ሥር ወጥተው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «በመጽሐፉ ላይ ስለዚች ቫልቭ የሚል ነገር አልነበረም?» ብለው ጠየቁኝ።

«ነበር፥ ጋሼ» አልሁ።

«አንብበኸዋል?»

«አንብቤዋለሁ። አልገባኝም ነበር። ማፈሬን ፈርቼ አይመለከተንም አልሁ።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አጎቴም ራሱን ቀና አደረገ። ጋሼ ግን አልጮኹም። «እኔ እኮ እንግሊዝኛ ባላውቅም ብረት አውቃለሁ» አሉኝ። «አላውቅም ብትለኝ ኖሮ በእጄ ፈልጌ አገኘው ነበር። አይመለከተንም ስትለኝ ግን እጄን አሰርኸው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ መምህራን ብዙ ነገር ነግረውኛል፤ እንደዚህ ያለ ነገር ግን አልሰማሁም። ወዳጆቼ ሆይ፥ እኛ በየክረምቱ ወደየቤታችን ስንመለስ ሰው ደብዳቤ ያስነብበናል፤ የመድኀኒት ወረቀት፥ የፍርድ ቤት መጥሪያ፥ የማሽን መጽሐፍ ያመጣልናል። የሚያምነን ሁሉን ስለምናውቅ ሳይሆን ያየነውን እንነግረዋለን ብሎ ነው። እኔ ግን ያላወቅሁትን ቃል ከዐዋቂ ሰው ደበቅሁት። ነገሩ ከእኔ ይልቅ ለሳቸው ቅርብ ነበር፤ ማለፍ የነበረበት በእኔ በኩል ነበር፤ እኔም ዘጋሁበት።

ቫልቯ ከፊቱ መስመር ወጣች። ዘይቱም በሙሉ ተለወጠ፤ ጋሼ ስለ ዘይት የሚለውን ገጽ እንደ ገና አስነበቡኝና ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ከ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በፊት እንዳይፈላ ደንብ እንዳለው፥ ከአየር እርጥበት ሲጠጣ ግን ይህ ልክ ወደ 155 እንደሚወርድ አገኘን። በእኛ መኪና የነበረው ዘይት መቼ እንደ ተለወጠ አጎቴ እንኳ አያስታውስም ነበር። የኋላው ሸራም ከታምቡሩ ጋር ተስተካከለ፤ ኋላው ሰነፍ ከሆነ ሥራው ሁሉ በፊቱ ላይ ይወድቃልና። መኪናው ከዚያ ወዲህ ያንን ቁልቁለት ደጋግሞ ወርዷል፤ ዲስኩና ታምቡሩ ተስማምተው ይኖራሉ።

የረዳቱ ክንድ እስኪጠገን ከሁለት ወር በላይ ፈጀ። የሕክምናውን አጎቴ ከፈለ፤ የጠፋበትን የሥራ ጊዜ ግን ማንም አልከፈለውም። ልጠይቀው ቤቱ ሄጄ እውነቱን ነገርሁት። ጥቂት ዝም አለና «እኔም ገብረ ጉራቻ ላይ ግሏል ካልሁ በኋላ መጨቃጨቅ ነበረብኝ» አለኝ። ጥፋቴን ሊካፈለኝ መፈለጉ ከስድብ ይልቅ ከበደኝ። ክንዱ አሁን ይሠራል፤ ብርድ ሲሆን ግን እንደሚያመው ሳይነግረኝ አውቃለሁ፤ ታኮውን በሌላው እጁ ማንሣት ጀምሯል።

አሁንም ለዕረፍት በሄድሁ ቁጥር ጋሼ መጽሐፍ ያስነብቡኛል። ከጎኔ ቀይ እርሳስ አስቀምጣለሁ። ከማላውቀው ቃል ስደርስ አሰምርበትና «ጋሼ፥ ይህን አላውቀውም» እላለሁ። ልጆቹ መጀመሪያ ይስቁ ነበር፤ አሁን ግን ለምደውታል። ጋሼም አምፖሉን ወደ ገጹ ጠጋ ያደርጉና «ሥዕሉን አሳየኝ» ይላሉ።